በግጥም ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? የባለቅኔው የዊልፍሬድ ኦወን ሕይወት

አንድ የጦርነት ግጥም በትምህርት ቤት ሲነበብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቀላል አይደለም። እኛ ራሳችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ባለቅኔ በፈተና ተጠይቀን፣ በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ሰው ከሙታን ጋር ከመሬት በታች የሚገኝ ወታደር ስለ ሆነ፣ ባለቅኔው ግጥሙን የጻፈው ቆስሎ ሲያጣጥር ነው ብለን በድፍረት መልሰን ነበር። መምህራችን ከመልሳችን ሥር በቀይ ቀለም አሰመሩበትና ከጎኑ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ አድርገው ወረቀቱን መለሱልን። ያ የጥያቄ ምልክት ምን ማለት እንደ ነበረ የገባን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ የባለቅኔውን የሕይወት ታሪክ በዩኒቨርሲቲ ስናጠና ነው።

ይህ ባለቅኔ ዊልፍሬድ ኦወን ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ በ25 ዓመቱ የሞተ ወጣት ነው። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የወደድንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሕይወቱ ታሪክ ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛውም፣ የጸሐፊው ድምፅና በግጥሙ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን ቦታ ለተማሪ ለማሳየት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ ስለማይገኝ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ዊልፍሬድ ኦወን በማርች 18 ቀን 1893 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ከዌልስ ወሰን አጠገብ በምትገኘው በኦዝዌስትሪ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ነው። አባቱ ቶም ኦወን የምድር ባቡር ሠራተኛ ሲሆን፣ እናቱ ሱዛን ሃይማኖቷን አጥብቃ የያዘች ሴት ነበረች። የተወለደበት ቤት ሰፊና ያማረ ነበር፤ ነገር ግን የአባቱ ሳይሆን የእናቱ አባት ቤት ነበር። ልጁ ገና 4 ዓመት ሳይሞላው በ1897 ዓ.ም. አያቱ ሲሞቱ ቤቱ ተሸጠና ቤተ ሰቡ ወደ በርከንሄድ ሄዶ በጠባብ ቤት መኖር ጀመረ። ከዚያም በ1907 ዓ.ም. ወደ ሽሩስበሪ ከተማ ተዛወረ።

እናትና ልጅ እጅግ ይዋደዱ ነበር። ዊልፍሬድ በሕይወቱ ከጻፋቸውና እስከ ዛሬ ከተገኙት ከ600 በላይ ደብዳቤዎች የሚበዙት የተጻፉት ለእናቱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን የተማረው ከእርሷ ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱሱም ቋንቋ በኋላ በጻፋቸው ግጥሞች ውስጥ ሁሉ ይሰማል። ከባለቅኔዎች ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይወድ የነበረው በ25 ዓመቱ የሞተውን ጆን ኪትስን ነበር። እርሱም በዚያው ዕድሜ እንደሚሞት ማን ይነግረዋል!

በሽሩስበሪ ሳለ በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆኖ ሕፃናትን ያስተምር ነበር። በ1911 ዓ.ም. የለንደን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና አለፈ፤ ዳሩ ግን ነፃ ትምህርት ለማግኘት የሚያበቃውን ከፍተኛ ማዕርግ አላገኘም፤ አባቱም ከፍሎ ለማስተማር አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ደንስደን በምትባል መንደር በአንድ ቄስ ቤት ምግብና መኖሪያ እየተሰጠው የደብሩ ረዳት ሆኖ ተቀመጠ። ሥራው ድኾችንና ሕመምተኞችን እየዞሩ መጠየቅ ነበር። በዚያ የመንደሩን ሰዎች ችግር በዓይኑ አየ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ለዚህ ችግር የሚሰጠው መልስም አላረካውም። በ1913 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መንፈሱም አካሉም ታውኮ ከዚያ ወጣ። በዚሁ ዓመት ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻግሮ በቦርዶ ከተማ በቤርሊትዝ የቋንቋ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ፤ በኋላም በሰው ቤት እየሄደ ያስተምር ነበር።

እንግዲህ አንባቢያችን እንደሚያየው ይህ ሰው ወታደር ከመሆኑ በፊት ሙያው ማስተማር ነበር። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ወደፊት ይጠቅመናል።

ጦር ሜዳ

ጦርነቱ በኦገስት 1914 ዓ.ም. ሲጀመር ኦወን ፈረንሳይ አገር ነበረ። እንደ ብዙዎቹ የዕድሜ ጓደኞቹ ወዲያው ለመዝመት አልተጣደፈም። በዚያው ዓመት አንድ ሐኪም ወደ ቦርዶ ሆስፒታል ወስዶ ቁስለኞችን ቢያሳየው፣ ያየውን ቁስል ለወንድሙ ለሃሮልድ በደብዳቤ ሥዕል እያደረገ ላከለት። ለዘመቻ የተመዘገበው በኦክቶበር 1915 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በ1916 ዓ.ም. በማንቼስተር ክፍለ ጦር ምክትል የመቶ አለቃ ሆነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀናትም ወደ ፈረንሳይ ግንባር ተላከ።

በጃንዋሪ 1917 ዓ.ም. በሁለቱ ጦር መካከል ባለው ባዶ ሜዳ የሚገኝ አንድ የጀርመኖች የነበረ የመሬት ውስጥ ምሽግ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ሃያ አምስት የሚሆኑ ወታደሮች ውሃ በሞላው ጉድጓድ ተፋፍገው፣ መድፍ ከላያቸው ሳያቋርጥ እየወረደ 50 ሰዓት ያህል ቆዩ። ከደጅ የቆመው ዘበኛ ጥይት ከአጠገቡ ፈንድቶ ዓይኑ ጠፋ። ኦወን ይህን ሰው ሊረሳው አልቻለም፤ ዘበኛው የተባለውን ግጥም ስለ እርሱ መጻፍ ጀምሮ የጨረሰው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

በኤፕሪል 1917 ዓ.ም. በሴን ካንታን ከተማ አቅራቢያ ጦሩ ብዙ ቀን ሳይተካ ግንባር ላይ ቆየ። በዚያም አንድ የመድፍ ጥይት ከአጠገቡ ወድቆ ኦወንን ወደ አየር ወረወረው። ከዚያ በኋላ የአንድ ጓደኛው መኮንን ሬሳ ተበጣጥሶ ከወደቀበት ቦታ አጠገብ በጉድጓድ ተጠግቶ ቀናት አሳለፈ። ሲመለስ አካሉ ደኅና ነበር፤ ነገር ግን እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ንግግሩም ይደናቀፍ ጀመር። በዚያ ዘመን የመድፍ ድንጋጤ ይባል የነበረው የመንፈስ ሕመም ነው። ስለዚህ በጁን 1917 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ክሬግሎክሃርት የመኮንኖች ሆስፒታል ተላከ።

ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ

ኦወንን ያከመው ሐኪም አርተር ብሮክ ይባላል። ይህ ሐኪም ሕመምተኛ የሚድነው በመተኛት ሳይሆን በመሥራት ነው ብሎ ያምን ነበር። በጥንት ግሪኮች ተረት አንቴዎስ የሚባል ግዙፍ ሰው ነበረ፤ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ኃይሉ ይታደሳል፤ ከመሬት ያነሡት እንደ ሆነ ግን ይደክማል። የሐኪሙም ሐሳብ ጦርነት እነዚህን ወጣቶች ከመሬት አንሥቷቸዋልና እግራቸው እንደገና መሬት እንዲነካ መደረግ አለበት የሚል ነበር። በዚሁ መሠረት ኦወን ዘ ሃይድራ የተባለውን የሆስፒታሉን መጽሔት ያዘጋጅ ጀመር። ከዚህም በላይ በከተማው በሚገኘው በታይንካስል ትምህርት ቤት ለወንዶች ልጆች የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እንዲያስተምር ተደረገ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። አንድ መምህር ጠዋት ከልጆች ፊት ቆሞ ግጥም ያነብላቸዋል፤ ማታ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሶ በሕልሙ የሚሞት ሰው ያያል። እነዚያ ልጆች ጦርነቱ ከቀጠለ ነገ ወታደሮች ይሆናሉ። ከጦርነት ግጥሞቹ ሁሉ ታዋቂ የሆኑት የተጀመሩት በእነዚሁ ወራት ነው። ለዚህ ነው የእርሱ ግጥም በክፍል ውስጥ ሲነበብ አዳራሽ ከሚነበበው ይልቅ ቦታውን ያገኘ የሚመስለን።

በዚሁ ሆስፒታል ሲግፍሪድ ሳሱን የሚባል ሌላ ባለቅኔ ነበረ። ሳሱን በጀግንነቱ ኒሻን የተሸለመ መኮንን ሲሆን፣ በጁላይ 1917 ዓ.ም. ጦርነቱ ያለ በቂ ምክንያት እየተራዘመ ነው ብሎ በይፋ ተቃውሞ ስለ ጻፈ፣ መንግሥት ለፍርድ በማቅረብ ፈንታ ታሟል አስብሎ ወደዚያ የላከው ሰው ነው። ኦወን በኦገስት ወር የሳሱንን መጽሐፍ ይዞ፣ ፊርማ ያኖርልኝ እንደ ሆነ ብሎ እያፈረ በሩን አንኳኳ። ከዚያ በኋላ ግጥሙን እየወሰደ ያሳየው ነበር። ለተፈረደባቸው ወጣቶች የተዘመረው መዝሙር በተጻፈበት ረቂቅ ላይ የሳሱን የእጅ ጽሕፈት እስከ ዛሬ ይታያል፤ ርእሱንም ያቃናለት እርሱ ነው። ሳሱን ለኦወን የሰጠው ትልቁ ነገር ግን ስለ አበባና ስለ ጨረቃ መጻፉን ትቶ በዓይኑ ያየውን እንዲጽፍ ያደረገው ድፍረት ነው።

የድምፁ ነገር

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የኦወንን ግጥሞች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው በሁሉም ውስጥ የሚናገረው አንድ ሰው እንዳልሆነ እናያለን።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የረቀቀው ዱልቼ ኤት ዴኮሩም ኤስት የተባለው ግጥም ርእሱን የወሰደው ስለ አገር መሞት ጣፋጭና የተገባ ነው ከሚለው ከሮማዊው ባለቅኔ ከሆራስ ቃል ነው። ግጥሙ የሚጀምረው በእኛ ነው፤ ደክመው፣ ጎብጠው፣ ጫማቸውን ጥለው በሌሊት የሚመለሱ ወታደሮች ይናገራሉ። ድንገት የመርዝ ጢስ ሲመጣ አንዱ ጭምብሉን ሳያጠልቅ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እኛ የሚለው ድምፅ ወደ እኔ ይለወጣል። ሁሉም አብረው ዘምተዋል፤ የሚሞተውን ሰው በሕልሙ ደጋግሞ የሚያየው ግን አንድ ሰው ብቻውን ነው። በመጨረሻ ደግሞ ድምፁ ዞሮ አንተ ይላል፤ ይኸውም እቤቱ ተቀምጦ ልጆችን ለዝና የሚያነሣሣውን ሰው ነው። በረቂቁ ላይ ግጥሙ መጀመሪያ የተላከው በጋዜጣ የዘመቻ ግጥም ትጽፍ ለነበረችው ለጄሲ ፖፕ ነበር፤ በኋላ ግን ኦወን ስሟን ሰረዘው። ስሟ ሲሰረዝ አንተ የሚለው ቃል ባለቤት አጣ፤ ባለቤት በማጣቱም የሚያነበው ሰው ሁሉ ሆነ። አንድ መምህር ተማሪዎቹን እነዚህን ሦስት መደቦች ብቻ እንዲያሰምሩባቸው ቢያደርግ የግጥሙን መንገድ ያሳያቸዋል። እኛ የሚለውን ሁሉ እነርሱ ብለው እንዲያነቡት ቢያደርግ ደግሞ ምን እንደሚጠፋ በጆሯቸው ይሰሙታል።

ደብዳቤው በተባለው ግጥም የሚናገረው መኮንኑ ኦወን አይደለም፤ ትምህርት ያልጠገበ ተራ ወታደር ለሚስቱ ሲጽፍ እንሰማዋለን። ደኅና ነኝ፣ ሥጋት የለብኝም እያለ ያጽናናታል፤ በመካከሉ ጓደኞቹን ይቆጣል፣ ቢላዋ ይለምናል። ግጥሙ ሳያልቅ ይመታል፤ ጓደኛውም እንዲጽፍላት ይማጠናል። የእንግሊዝ መኮንኖች የወታደሮቻቸውን ደብዳቤ እያነበቡ የመመርመር ግዴታ ነበረባቸው፤ ኦወንም ይህን ሥራ ሠርቷል። ለብዙ ሰው አሰልቺ የሆነው ይህ የቢሮ ሥራ፣ ለእርሱ የሰውን አነጋገር የሚማርበት ትምህርት ቤት ሳይሆንለት አልቀረም። አካለ ስንኩል የተባለው ግጥም ደግሞ እኔም እኛም አይልም፤ እግሮቹን ያጣ ወጣት በወንበሩ ተቀምጦ ወደ መኝታው የሚወስደው ሲጠብቅ፣ ድምፁ ከውጭ ሆኖ እርሱ እያለ ይተርካል። ያ ወጣት ለመዝመት ሲል ዕድሜውን ጨምሮ የተናገረ ልጅ ነበር። አሁን ስለ እርሱ ሌላ ሰው የሚናገርለት ሆኗል።

እኛን በፈተና ያሳሳተን ግጥም እንግዳ ግንኙነት የተባለው ነው። በዚህ ግጥም አንድ ወታደር ከጦርነቱ አምልጦ ወደ ረጅም ዋሻ ሲወርድ፣ ከተኙት አንዱ ተነሥቶ ያየዋል። አብዛኛውን የሚናገረው ይህ የተነሣው ሰው ነው፤ በመጨረሻም ትናንት የገደልከው ጠላትህ እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ይገልጣል። እንግዲህ ኦወን ይህን ሲጽፍ ሞቶም አልነበረም፤ ቆስሎም አልነበረም። አንደበቱን ለጠላቱ አዋሰው እንጂ።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ፎካሪው በጦር ሜዳ ወይም በአደባባይ ሲነሣ እኔ እያለ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ስሙም፣ ፈረሱም፣ ግዳዩም የእርሱ ነው። አልቃሿ ግን በለቅሶ ቤት አንድ ጊዜ በእናቲቱ፣ አንድ ጊዜ በሚስቲቱ፣ አንዳንድ ጊዜም በሟቹ አንደበት ትናገራለች፤ ሞታለች ብሎ የሚሳሳት ሰው ግን የለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን እየሰማን አድገን ሳለ፣ ያው ነገር በመጽሐፍ ታትሞ ቢመጣብን ተሳሳትን። በጆሯችን የምናውቀውን በዓይናችን ማንበብ አልቻልንም ነበር ማለት ነው።

ኦወን በድምፅ ረገድ አንድ ሌላ ነገርም አድርጓል። በብዙ ግጥሞቹ ቤት ሲመታ ተነባቢዎቹን ሳይለውጥ አናባቢውን ብቻ ይለውጣል። ለፈረንጆች ይህን ማስረዳት ብዙ ንግግር ይፈልጋል፤ ፊደሉን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ለሚያውቅ የእኛ ተማሪ ግን ጦር እና ጣር የሚሉትን ሁለት ቃላት ማሳየት ይበቃል። ፊደሎቹ አንድ ናቸው፤ ድምፁ ግን ያልገጠመ ሆኖ ይቀራል። ጆሮ ቤቱ ይመታል ብሎ ሲጠብቅ ይጎድልበታል። እንግዳ ግንኙነት የተጻፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚህ ዓይነት ነው፤ ስለ ጎደለ ነገር የሚናገር ግጥም ቤቱም የጎደለ እንዲሆን ተደረገ።

ወደ ግንባር መመለሱ

ኦወን በኦክቶበር 1917 ዓ.ም. መጨረሻ ከሆስፒታል ወጥቶ በእንግሊዝ አገር፣ በስካርበሮና በሪፐን ቀላል ሥራ እየሠራ ቆየ። በሪፐን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ግጥሞቹን ያርም ነበር። ለመጽሐፉም መቅድም አረቀቀ፤ መጽሐፉ ስለ ጀግኖችና ስለ ክብር የሚናገር ሳይሆን ስለ ጦርነት አሳዛኝነት የሚናገር መሆኑን በዚያ አስታወቀ። በዚያ ጊዜ በአገሩ መቅረት ይችል ነበር የሚሉ አሉ፤ ወዳጆቹም ሌላ ሥራ ሊፈልጉለት ሞክረው ነበር። በጁላይ 1918 ዓ.ም. ግን ሳሱን ራሱን በጥይት ተመትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ኦወንም በኦገስት መጨረሻ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ።

ጦርነትን እንዲህ አድርጎ የሚያወግዝ ሰው ስለ ምን ወደ ጦርነት ተመለሰ? ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ የሰጠው ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው መኮንን ሆኖ ልጆቹን በሚገባ ለመምራት፣ ሁለተኛው መከራቸውን በዓይኑ አይቶ እንደ አንድ ነገረ ፈጅ ስለ እነርሱ ለመናገር ነው። ነገረ ፈጅ ስለ ራሱ አይከራከርም፤ መናገር ስለማይችለው ሰው ይቆማል። እኛ እንደሚመስለን የኦወን ድምፅ ምሥጢር ያለው በዚህ ላይ ነው። የሌላውን ሰው አንደበት መዋስ መብት የሚሆነው፣ ያ ሰው የተቀበለውን አብሮ ለተቀበለ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ዳሩ ግን እውነቱን ሳናጎድል እንናገር። በኦክቶበር 1918 ዓ.ም. መጀመሪያ በዦንኩር አጠገብ በተደረገው ውጊያ ኦወን የሻምበሉ አዛዥ ስለ ቆሰለ ትእዛዙን ተረክቦ፣ ከጠላት የተማረከ መትረየስ ይዞ ተዋጋ፤ ለዚህም ሚሊታሪ ክሮስ የተባለው የጀግንነት ኒሻን ተፈቀደለት። የኒሻኑ ወረቀት በጠላት ላይ ብዙ ጉዳት አደረሰ ይላል። እንግዳ ግንኙነትን የጻፈው እጅ ያንኑ መትረየስ የተኮሰው እጅ ነው። የመንግሥት ወረቀት አንድ ድምፅ አለው፤ ግጥሙም ሌላ ድምፅ አለው፤ ሁለቱም ግን ስለ አንድ ሰው ይናገራሉ። ይህን ሁለትነት የሚሸፍን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ለባለቅኔው ክብር የጨመረለት ቢመስለውም፣ እውነተኛውን ሰው ይወስድብናል።

በኦክቶበር 31 ቀን ከኦርስ መንደር አጠገብ ባለች የደን ጠባቂ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ከወታደሮቹ ጋር ተጠጋግቶ፣ ጢስ ዓይኑን እያቃጠለው የመጨረሻውን ደብዳቤ ለእናቱ ጻፈ። በኖቬምበር 4 ቀን ንጋት ጦሩ የሳምብርን ቦይ ለመሻገር ድልድይ ሲዘረጋ፣ ጀርመኖች ከማዶ መትረየስ አወረዱባቸው። ኦወን ወታደሮቹን እያበረታታ ሳለ ተመትቶ ሞተ። ጦርነቱ ያበቃው ከአንድ ሳምንት በኋላ በኖቬምበር 11 ቀን ነው። በዚያ ቀን በሽሩስበሪ ከተማ የሰላም ደወል ሲደወል የሞቱ ቴሌግራም ለወላጆቹ ደረሰ።

ከሞተ በኋላ

ኦወን በሕይወቱ ሳለ ታትመው ያየው 5 ግጥሞቹን ብቻ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1920 ዓ.ም. ሲሆን መግቢያውን የጻፈው ሳሱን ነው፤ በ1931 ዓ.ም. ኤድመንድ ብላንደን የሕይወት ታሪኩን ጨምሮ እንደገና አሳተመው። ሁሉም ሰው ግን አልተቀበለውም። ታላቁ የአየርላንድ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ በ1936 ዓ.ም. ባዘጋጀው የዘመኑ ግጥሞች ስብስብ ውስጥ ሆነ ብሎ አላስገባውም፤ ዝም ብሎ መከራን መቀበል ለግጥም የሚበቃ ነገር አይደለም የሚል አሳብ ነበረው። ይህ ተቃውሞ በክፍል ውስጥ ሊነሣ የሚገባው ነው። ተማሪ የአንድን ታላቅ ሰው ግጥም ከሌላ ታላቅ ሰው ነቀፌታ ጋር አስተያይቶ የራሱን ፍርድ ቢሰጥ፣ ሽምደዳ ከማድረግ ይሻለዋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ የፈረሰው የኮቨንትሪ ካቴድራል ፈንታ አዲሱ ተሠርቶ በ1962 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ቤንጃሚን ብሪትን የሙታንን ጸሎት ከ9 የኦወን ግጥሞች ጋር አዋሕዶ ታላቅ የሙዚቃ ድርሰት አቀረበ። እንግዳ ግንኙነትን ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ ዘመሩት። አንደኛው እንግሊዛዊው ፒተር ፒርስ ነው፤ ሁለተኛው በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ወታደር ሆኖ የተማረከው ዲትሪኽ ፊሸር ዲስካው ነው። አንድ ሰው በብዕሩ የፈጠራቸውን ሁለት ድምፆች፣ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ሁለት የቀድሞ ጠላት አገር ሰዎች በእውነተኛ ጉሮሯቸው ወሰዷቸው። መምህራን ሆይ፣ ይህን ለማድረግ ካቴድራል አያስፈልግም፤ ሁለት ተማሪዎችን ከክፍሉ ግራና ቀኝ አቁሞ ማስነበብ ይበቃል።

የመቃብሩ ጽሕፈት

ኦወን የተቀበረው በኦርስ መንደር የመቃብር ስፍራ ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሚጻፈውን ቃል የመረጠችው እናቱ ናት፤ የመረጠችውም ፍጻሜው ከተባለው የልጇ ግጥም ነው። በዚያ ግጥም ባለቅኔው ሕይወት እነዚህን የወደቁ ሥጋዎች ያድስ ይሆን፣ አምላክስ ሞትን ሁሉ ይሽር ይሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ግጥሙ ሲቀጥል ምድር ራሷ ትመልሳለች፤ መልሷም ተስፋ የሚሰጥ አይደለም። በድንጋዩ ላይ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ከመካከሉ ተቆርጦ የጥያቄ ምልክቱ ቀረ። ስለዚህ ጥርጣሬው ማረጋገጫ ሆነ፤ አምላክ ሞትን በእውነት ይሽራል የሚል ሆነ።

አንዳንድ ሰዎች እናቲቱን በዚህ ይነቅፏታል። እኛ ግን ለመንቀፍ አንደፍርም። ሁለት ድምፆች አሉ፤ አንደኛው ያየውን አይቶ የሚጠይቅ የልጅ ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው ልጇን ቀብራ ጥያቄውን ልትሸከመው የማትችል የእናት ድምፅ ነው። በግጥሙ የሚናገረው እርሱ ነው፤ በድንጋዩ የምትናገረው እርሷ ናት። ቃሉ አንድ ነው፤ ተናጋሪው ሲለወጥ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ።

ወጣት አንባቢያችን ተማሪም ቢሆን፣ በቢሮ ተቀምጦ ደብዳቤና ቴሌግራም የሚጽፍ ሹም ቢሆን፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ልማድ ቢወስድ እንወዳለን። ግጥም ሲነበብለት፣ ዘፈን ሲዘፈንለት፣ ወይም ስለ ሌላው ሰው ደም የሚናገር ቃል ሲቀርብለት፣ ከማጨብጨቡ በፊት የሚናገረው ማን ነው፣ ለማን ይናገራል፣ ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። መምህራችን በፈተና ወረቀታችን ጎን ያደረጉልን ያ ቀይ የጥያቄ ምልክት ትርጉሙ ይኸው ነበር። ከኦርስ መቃብር ድንጋይ ላይ የጎደለውም ምልክት ያው ነው።